ከሆስፒታል የወጣው ላብ አደር ወዴት ይግባ?

ሕክምና በሐኪም እጅ ተጀምሮ በሐኪም እጅ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። ሕዝባችን ይህን እውነት ለማወቅ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ መርገጥ አላስፈለገውም። አራስ አርባና ሰማንያ ቀን የምትታረሰው፣ ከንዳድ የተነሣ ሰው አጥሚት እየተሰጠውና ከብርድ እየተጠበቀ የሚሰነብተው፣ ከበሽታ መውጣትም እንደ መግባቱ አደገኛ መሆኑን ትውልድ ከትውልድ ስለተማረ ነው። ቋንቋችንም ለዚህ አደጋ የራሱን ቃል አበጅቶለታል፤ «ግርሻ» ይለዋል። የታመመ ሰው ጉልበቱ ሳይመለስ ብርድ ሲመታው፣ ሲራብ ወይም ያለ አቅሙ ሲሠራ ሕመሙ ተመልሶ ይጥለዋል፤ ተመልሶ የመጣው ደግሞ ከፊተኛው ይከፋል።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናነሣው፣ ከግርሻ የሚጠበቅበት ጣራና አጥሚት የሚያቀርብለት እጅ ስለሌለው ወገናችን ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ከደባርቅ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ የሚወጣ በሽተኛ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ምክር ይሰጠዋል። ቤትህ ገብተህ ዕረፍ፣ ቁስልህን በንጽሕና ያዝ፣ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ውሰድ፣ በቀጠሮህ ቀን ተመለስ ይባላል። ምክሩ ትክክለኛ ነው፤ ሐኪሙም ሌላ ሊል አይችልም። ነገር ግን አንድ በአንድ እንመርምረው። ለማረፍ ቤት ያስፈልጋል። ቁስልን በንጽሕና ለመያዝ ንጹሕ ውሃና የሚለወጥ ልብስ ያስፈልጋል። ከምግብ በኋላ ለመዋጥ ምግቡ ራሱ መኖር አለበት። በቀጠሮ ለመመለስም እስከ ቀጠሮው ቀን የሚቆዩበት ሥፍራ የግድ ነው። እንግዲህ ምክሩ ሁሉ የተመሠረተው በሽተኛው ቤት አለው በሚል ግምት ላይ ነው። ቤት የሌለው በሽተኛ ሲመጣ ግምቱ ይፈርሳል፤ ከግምቱም ጋር ለቀናት የተደከመበት ሕክምና፣ የወጣው መድኃኒት፣ የሐኪሙና የነርሷ ልፋት አብሮ ይፈርሳል።

ለመሆኑ ይህ ቤት የሌለው በሽተኛ ማን ነው? ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዙሪያ እጁን የሚዘረጋው ነዳይ፣ ወይም ፒያሳ ላይ ጆንያ ተከናንቦ በረንዳ የሚያድረው ወጣት ነው። እነሱም አሉ፤ እንመለስባቸዋለን። ይሁን እንጂ በጎንደር ተጨባጭ ሁኔታ ጥያቄውን ከሥሩ ለመረዳት ከከተማይቱ ወጥተን፣ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ፣ በሳንጃ በኩል ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ የሚወርደውን መንገድ መከተል ይገባናል።

በየዓመቱ በክረምት ለአረም፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያም ለማሽላና ለጥጥ፣ እጅግ ብዙ የሰው ጉልበት ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ኖሯል። ወራጁ ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከዳባት፣ ከወገራ፣ ከሊቦና ከእብናት የሚነሣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ያወረሰው መሬት ለወንድማማች ተሸንሽኖ ያለቀበት፣ የገብስ ማሳው እስከ ገደል አፋፍ የታረሰበት ነው። የቆላው ሰው ለወቅት ብቻ የሚመጣውን ደገኛና በዚያው የቀረውን «ሳሉግ» የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ለይቶ ያውቃቸዋል። ሳሉግ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ዓመቱን በዚያው ይገፋል፤ አገር ቤት ያለው ጎጆ ለእርሱ ትዝታ ሆኗል። የእነዚህ ሰዎች ጉልበት ያፈራው ሰሊጥ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና ምርቶች አንዱ መሆኑን አንባቢ አይስተውም።

የሰሊጥ ሥራ ጠባይ አለው። ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም። ስለሆነም ሠራተኛው ሲጨልም የሚያድረው እዚያው ማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እጅግ ትንሽ የሆነች የአሸዋ ዝንብም የምትኖረው በዚሁ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ነው። ሠራተኛውና ዝንቧ የሚገናኙት ሠራተኛው የሚተኛበት ቤት ስላልተሠራለት መሆኑን እናስተውል። ቤት ማጣት እዚህ ላይ የበሽታው መነሻም ነው፤ ኋላ እንደምናየው የማገገሙም መሰናክል ይሆናል።

ካላዛር ሲይዝ ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ደም ያንሳል። ካልታከመ ከመቶ ከ95 የሚበልጡትን ሕሙማን ይገድላል። መድኃኒቱ ግን አለ፤ ለበሽተኛው የሚሰጠውም በነፃ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀናት መወጋት ነው። ከመርፌዎቹ አንደኛው ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል በመሆኑ ሕክምናው የቅርብ ክትትል ይጠይቃል። ከ17ኛው ቀን በኋላ ትኩሳቱ በርዶ፣ ጣፊያው እየሟሸሸ ሲሄድ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ በሕክምናው ሥርዓት መሠረት ሰውየው በእርግጥ ድኗል ለማለት የሚቻለው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው።

ያንን ስድስት ወር የት ይኑር? አገሩ እንዳይገባ ያጠራቀማት ገንዘብ በሕመሙ አልቃለች፤ ባዶ እጁን መመለሱ ደግሞ ይከብደዋል። ከተማው ውስጥ እንዳይቆይ ኪራይ የለውም። እንጀራ የሚያገኝበት አንድ ሥፍራ ብቻ ይታወቀዋል፤ እርሱም በሽታውን ያመጣበት ማሳ ነው። ስለዚህ ክብደቱ ሳይመለስ ወደ ማጭዱ ይመለሳል። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ከሆነ ካላዛሩ ደጋግሞ ያገረሽበታል፤ የሚሰጠውም ሕክምና ከፊተኛው የረዘመና የከበደ ይሆናል።

ይህ የአንድ ምስኪን ዕድል ብቻ የሚመስለው ካለ የሊቦ ከምከምን ታሪክ ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. በዚያ ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሣ። አካባቢው እስከዚያ ድረስ በሽታው የማይታወቅበት ሥፍራ ስለነበር በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ፤ ምንነቱ የታወቀው ሰው ከረገፈ በኋላ ነው። አጥኚዎች በሽታው የገባው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች በኩል ሳይሆን እንዳልቀረ ይገምታሉ። ይህን የምንጠቅሰው ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። ሠራተኛው ይዞት የመጣው ከሥራ ቦታው ያገኘውን ነው፤ በመንገዱም ላይ ቆም ብሎ የሚመረመርበትና የሚያገግምበት ጣቢያ ያዘጋጀለት አልነበረም።

እዚህ ላይ ሕጉን መመልከት ይበጃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል። በዚያው አዋጅ ግን በሥራው አካባቢ ነባር ሆነው የሚገኙ ወይም በወረርሽኝ የሚነሡ በሽታዎች፣ ሥራው ራሱ እነዚያን በሽታዎች ማጥፋት ካልሆነ በቀር፣ በሥራ ምክንያት እንደመጡ አይቆጠሩም። ካላዛር በመተማና በሁመራ ነባር በሽታ ነው። እንግዲህ ከደጋ ወርዶ በባለሀብቱ ማሳ ላይ ያደረው ሠራተኛ የተነደፈው በሥራው ሳይሆን በአካባቢው ነው ማለት ነው! የሕጉን አመክንዮ ለሕግ አዋቂዎች እንተወውና፣ ሠራተኛው በተግባር የሚያገኘው ውጤት ግን ግልጽ ነው፤ ሲታመም አሠሪ የለውም።

የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። ተራው የነቀርሳ ሕክምና ቢያንስ ስድስት ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ ከተቋረጠ ተውሳኩ መድኃኒቱን ይለማመድና ወደ ማይበገረው ዓይነት ይለወጣል። ይህን የማይበገር ነቀርሳ በአገራችን ማከም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም የጎንደር ሆስፒታል ቀዳሚ ሆነው ሠርተዋል። በሥራው ላይ በወጣው ጥናት ለ24 ወራትና ከዚያም በላይ ክትትል ከተደረገላቸው 612 ሕሙማን ከመቶ 78.6 የሚሆኑት ሕክምናቸው ተሳክቶላቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ኤች አይ ቪ ነበረበት፤ አብዛኞቹም እጅግ የከሱ ነበሩ። ውጤቱ በአፍሪካ ከሚታየው የላቀ የሆነበትን ምክንያት ስንፈልግ መድኃኒቱን ብቻ አናገኝም። ሕሙማኑ በቅርብ ይታዩ ነበር፤ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ክትትል ነበረባቸው፤ ምግብም ይሰጣቸው ነበር። ሥጋ እንዲመለስ ማድረግ የሕክምናው አካል ሆኖ ተቆጠረ፤ በተቆጠረበትም ሥፍራ ሰው ዳነ።

ከቀን ሠራተኛው ሌላ ቤት የለሽ በሽተኛ በጎንደር ብዙ መልክ አለው። በየአድባራቱ ዙሪያ በጎጆ ተፋፍጎ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲቃረብ ከጠለምትና ከአዲ አርቃይ ተፈናቅሎ ደባርቅ ላይ በትምህርት ቤት የተጠለለው ወገን ነበር። ሰው በተፋፈገበትና ልብስ በማይቀቀልበት ሥፍራ ሁሉ ቅማል የምታስተላልፈው ትኩሳት ይነሣል፤ የበሽታው ስም ራሱ «የሚያገረሽ ትኩሳት» መሆኑን ልብ ይሏል። በመርፌ ይድናል፤ በሽተኛው ወደዚያው ጨርቅ ከተመለሰ ግን ቅማሏ ትጠብቀዋለች።

በሆስፒታሎቻችን ደግሞ በጽሑፍ ያልሰፈረ አንድ ደንብ አለ። በሽተኛን የሚያጥበው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ሊገዛ ወደ ፋርማሲ የሚሮጠው አስታማሚ ነው። የስሜን ገበሬ ጎረቤቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ወጥቶ ገደል ወርዶ መኪና መንገድ ያደርሰዋል፤ ከዚህ የበለጠ የመረዳዳት ባህል ከየትም አይመጣም። ነገር ግን ተሸካሚዎቹ እርሻ አላቸውና ይመለሳሉ። በሽተኛው ሲሻለው ወደ መጣበት የሚወስደው ቃሬዛ የለም። አስታማሚ የሌለው ሰው በአልጋው ላይ እያለም፣ ከአልጋው ሲወርድም ብቻውን ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲንጸባረቁ እናያለን። አንደኛው ጉዳዩን ለምጽዋት ይተወዋል። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በኋላም መቄዶንያ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን ያደረጉትን ማንም አይክደውም። ሆኖም እነዚህ ቤቶች ሊሞት የደረሰውን፣ ጧሪ ያጣውን፣ ዕድሜውን ሙሉ ደጋፊ የሚሻውን የሚያነሡ ናቸው። ሦስት ሳምንት ወይም ሁለት ወር ቢያርፍ ተመልሶ በጉልበቱ የሚያድረው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ በዚያ ተርታ አይገኝም። ሁለተኛው አመለካከት ጉዳዩን ለፖሊስ ይሰጠዋል። የአደገኛ ቦዘኔ መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 የሚመለከተው ለሥራ ብቁ ሆኖ ሳለ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ነው። ከአልጋ የወረደ ሰው ብቁ አይደለም፤ ብቁ አለመሆኑ ግን ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። በዓል ሲቃረብ በረንዳ አዳሪን ማፈስ በተለመደባቸው ከተሞች ከታፋሹ ጋር የቀጠሮ ካርዱም መድኃኒቱም አብሮ ይጠፋል።

ሕክምናን ሰጥቶ መኖሪያን መንሣት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ የዘነበወርቅ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተከፍቶ፣ በኋላም በ1958 ዓ.ም. አለርት በዚያው ተቋቁሞ ከየክፍለ ሀገሩ ሕሙማን ይጎርፉ ነበር። ሰዎቹ ዳኑ፤ የሚመለሱበት ግን አልነበረም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ከላስቲክና ከጭቃ ጎጆ ቀለሱ፤ ያ ሰፈር ዛሬም ከነልጅ ልጁ አለ።

ጎንደር ከሌሎች ከተሞች ይልቅ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተሻለ መሠረት እንዳላት እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በጎንደር ሲከፈት ለማሠልጠን የመረጠው ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድ ቡድን ነበር። ቡድኑ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥቶ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ቤት ለቤት ይዞራል። ያ የቡድን ሥልጠና በዩኒቨርሲቲው ባህል ሆኖ ቀርቷል። ጤና ከሆስፒታሉ ግድግዳ ውጭ እንደሚጀምር በአገራችን በተግባር ያስተማረችው ጎንደር ናት። ከግድግዳው ውጭ እንደሚፈጸምም ለማሳየት የቀራት አንድ እርምጃ ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ለመውለድ የደረሱ የሩቅ አገር እናቶች የሚቆዩበት ጎጆ ከቅጽሩ ሥር አቆመ። ዛሬ የእናቶች ማቆያ በበርካታ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል፤ ነዋሪው እህል ያዋጣለታል፣ እናቶች ቡና ያፈሉበታል። ሀብቷ ወደር በሌላት በአሜሪካም ቢሆን የቦስተን ከተማ ሐኪሞች ከሆስፒታል የወጡ በረንዳ አዳሪዎች በየድልድዩ ሥር መውደቃቸውን አይተው እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ መጠለያ ውስጥ 25 አልጋ ለማገገሚያ ለዩ። በ1993 ለብቻው የቆመው ቤት የተሰየመው ቤት የለሾችን ስታክም በኖረችው በነርስ ባርባራ ማኪኒስ ስም ነው። የሀብት ብዛት ብቻውን ጥያቄውን እንዳልመለሰው፣ የሀብት ማነስም ብቻውን ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ከሁለቱ ምሳሌዎች እንረዳለን።

ታዲያ ለጎንደር የሚበጀው ቤት ምን ዓይነት ነው? ሆስፒታል መሆን የለበትም፤ ቀዶ ጥገና፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ አያሻውም። የድሆች መጦሪያም አይደለም። አሥር ወይም አሥራ አምስት አልጋ፣ ቁስል የሚያጥብና መድኃኒት ሲዋጥ ቆሞ የሚያይ ነርስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀርብ ትኩስ ምግብ፣ ብርድ ልብስ የሚቀቀልበት በርሜል፣ ፀሐይ የሚሞቅበት አግዳሚ፣ የእያንዳንዱ ሰው ቀጠሮ የሚጻፍበት መዝገብ ያለው ቤት ነው። ሥፍራው ለሆስፒታሉ ቅርብ ይሁን። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች በቀበሌ ሥር የሚገኙ አሉ፤ ከእነሱ አንዱን አድሶ ለዚህ ማዋል የከተማ አስተዳደርን ግምጃ ቤት የሚያናጋ አይደለም። አገግሞ ሳይጨርስ ከወጣ በኋላ ወድቆ ተመልሶ የሚያዝ የሆስፒታል አልጋ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ቤት ቢከፈት ሥራ ፈት ይሰበሰብበታል የሚሉ አይጠፉም። ስጋቱን አንንቀውም። መልሱ በአገባቡ ሥርዓት ነው። የሚገባው በራሱ ፈቃድ መጥቶ በር ያንኳኳ ሰው ሳይሆን ሐኪም መውጫ ሲጽፍለት የማገገሚያውን ቀን ጭምር ወስኖ የላከው ነው። ቀኑ ሲደርስ ነርሷ አይታ ታሰናብታለች ወይም ሐኪሙ ያራዝማል። ከአርባ ቀን በላይ የምትታረስ አራስ ሰነፈች የሚል ጎረቤት አልሰማንም።

እድሮቻችንን በሚመለከት ጠንከር ያለ ቃል መናገር ግድ ይለናል። የእድር ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ከቀብር እስከ ቀብር ተቆልፎ ይቀመጣል። ለሞተው ሦስት ቀን የሚቀመጥ ጎረቤት ለታመመው ሦስት ቀን ወጥ መሥራት የማይችልበት ምክንያት የለም። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሁሉ ሲያራቁት በከተሞቻችን ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን ለውጠው የታመሙትን ቤት ለቤት ይጎበኙ ነበር። በሆስፒታሉ አካባቢ ያሉ እድሮች በሳምንት አንድ ቀን ተራ ቢገቡ የማገገሚያው ወጥ ቤት ሰባት እድር ይበቃዋል። አባሎቻቸው የታመሙባቸው የቀን ሠራተኞችና የጫኝና አውራጅ ማኅበራትም በተራው ሊገቡ ይችላሉ፤ የነገው በሽተኛ ከመካከላቸው ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ መፈታት ያለበት ግን የወረቀት ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች፣ ከእነዚህም አንዷ በሆነችው በጎረቤታችን ፎገራ፣ በሙከራ ሲጀመር አባልነቱ በቤተሰብ ሆነ። መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ድኻነቱን የሚያጣራው ግን የሚኖርበት ቀበሌ ነው። የነፃ ሕክምና ማስረጃም እንዲሁ ከቀበሌ ይጠየቃል። የጃናሞራ ልጅ ሁለት ዓመት በቆላ፣ አራት ወር በጎንደር በረንዳ ቆይቶ ሲታመም የጃናሞራው ቀበሌ «ከዚህ ወጥቷል» ይላል፤ የጎንደሩ «ነዋሪያችን አይደለም» ይላል። መኖሪያ የሌለው ሰው ድኻ መሆኑን የሚመሰክርለት መሥሪያ ቤት የለም። ማገገሚያው ሲከፈት በመዝገቡ የሰፈረ ሰው ሁሉ፣ እዚያ በሚቆይበት ጊዜ፣ ቤቱ የሚገኝበት ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ ተቆጥሮ የመድኑ ደብዳቤ እንዲጻፍለት የከተማው ምክር ቤት መወሰን ይችላል። ውሳኔው ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማኅተሙን የያዘው ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ጧት፣ የአልጋ ቁጥርን እንደ ቤት ቁጥር አድርጎ እንዲጽፍ ነው።